ቧንቧ የዘጋው ባሕር

ባለፈው ሳምንት ከዚራ አንድ የድሮ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ሻወሩ ጠብ ጠብ ይላል፤ ሰው ታጥቦ ሳይጨርስ ይመሻል። እትዬ በሩን እንደከፈቱልኝ "ግፊት የለውም፣ ፓምፕ ግዢ ብለውኛል" አሉኝ። ፓምፕ አያስፈልግም። ድሬዳዋ ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ቧንቧ የሠራ ሰው በሽታውን ሳያይ ያውቀዋል። ግድግዳውን ትንሽ ፈለፈልኩና የብረቱን ቧንቧ በመጋዝ ቆርጬ አወጣሁት። የሶስት አራተኛ ኢንች ቧንቧ ነው። መሃሉ ላይ የቀረችው ቀዳዳ ግን እስክሪብቶ አታስገባም። ሌላው ሁሉ ነጭ ድንጋይ ነው።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉኝ መነጽራቸውን እያስተካከሉ።

"ባሕር ነው።"

"አቦ፣ አንተ ልጅ አትቀልድብኝ! ሒሳብ ለማስወደድ ነው?"

ቀልድ አልነበረም። ሒሳቡንም አላስወደድኩም፤ እንዲያውም ቁራጩን ልውሰደው ብዬ ሃምሳ ብር ቀነስኩላቸው። ቁራጩ አሁን ይሄን ስጽፍ ጠረጴዛው ላይ ነው። ልጄ ደብተሯን ቬንቲሌተሩ እንዳይገልጥባት ትጭንበታለች።

ድሬ ያደገ ሁሉ ይሄን ነገር ያውቀዋል። ማንቆርቆሪያ ስር የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት፣ የቦይለሩን ሬዚስታንስ አልብሶ የሚያቃጥለው፣ የሻወሩን ቀዳዳ አንድ በአንድ የሚደፍነው። ከአዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣ "ሳሙናችሁ አረፋ አያወጣም" ብሎ ያማርራል። ሳሙናው ምን አደረገ! እኛ ነገሩን "ካልሲየም" ብለን አልፈነዋል። እናቴ ሎሚ ጨምቃበት ታሳድረዋለች፤ ሽሽሽ ብሎ ሲለቅ ይሰማል።

ባሕር መሆኑን ያወቅኩት በ2001 ዓ.ም. ነው።

ያኔ ቧንቧ ገና ሙያዬ አልሆነም። ሥራ ስፈልግ ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ላይ በቀን ሠራተኝነት ገባሁ። ኮምፕሬሰሩ ሌት ተቀን ይጮኻል፤ ማታ ቤት ገብተህም ጆሮህ ውስጥ አለ። የእኔ ሥራ ቀላል ነበር። ከጉድጓዱ ከአየሩ ጋር እየተተፋ የሚወጣውን ፍርፋሪ በየሁለት ሜትሩ መዝገን፣ ማጠብ፣ መሬት ላይ በተርታ መደርደር። አንድ ክምር፣ ሁለት ሜትር። ሌላ ክምር፣ ሌላ ሁለት ሜትር። ሳምንት ሳይሞላ ከአጥር እስከ አጥር የቀፊራ ቅመም መደብ መሰለ። ግራጫው፣ ጥቁሩ፣ ዱቄት የሚመስለው፣ በርበሬ የሚመስለው።

ክምሮቹን የሚያነብ አንድ ጂኦሎጂስት ነበር። እኛ "ኢንጂነር" እንለዋለን። እሱ "ኢንጂነር አይደለሁም፣ ጂኦሎጂስት ነኝ" ይላል። እኛም "እሺ ኢንጂነር" እንላለን። ኪሱ ውስጥ ትንሽዬ የአሲድ ጠርሙስ አለች፤ አንገቱ ላይ ማጉያ መነጽር። ከሰዓት በኋላ ሌላው ሁሉ በርጫ ላይ ሲሆን እሱ ክምር ላይ ተንበርክኮ ነው። አንድ ቀን "ኢንጂነር፣ ግን ምን ጠፍቶህ ነው?" አልኩት።

"ና ቁጭ በል" አለኝ። "ይሄ ካላንደር ነው። ራስህ ደርድረኸው አታነበውም?"

ንግግሩ አናደደኝ። ስለተናደድኩ ተቀመጥኩ።

ሕጉ አንድ ነው አለኝ። ከላይ ያለው አዲስ፣ ከታች ያለው አሮጌ። ሰዎች የምድርን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምረው ይናገራሉ፤ የቆፈረ ሰው ግን ከዛሬ ጀምሮ ወደ ኋላ ነው የሚያነበው። እኔም በቆፈርንበት ቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ በሌላው መንገድ አላውቀውም።

የመጀመሪያዎቹ ክምሮች አሸዋና ድብልብል ጠጠር ናቸው። ደቻቱ ወንዝ ውስጥ የምናየው ዓይነት። ኢንጂነር "ኳተርናሪ" አለው፤ ካለፉት 2.6 ሚሊዮን ዓመታት ወዲህ ያለው ዘመን ነው። ከሪጉ፣ ከመቆፈሪያው ማሽን፣ አጠገብ ለውሃ ማጠራቀሚያ የተቆፈረ ጉድጓድ ነበር፤ ወደ ግድግዳው ወሰደኝ። "ይሄ ሻካራው ጎርፍ ሲመጣ ነው። ይሄ ደቃቁ ጎርፉ ሲበርድ የተኛው ነው። ከላዩ እንደገና ሻካራ፤ ሌላ ጎርፍ" አለኝ በጣቱ እያሳየ።

ዝም አልኩ። እሱ የሌላ አገር ልጅ ስለሆነ አላሰበውም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ሌሊት፣ ሰው በተኛበት ደቻቱ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ያን ሌሊት ጣራ ላይ ነበርኩ። ከሁሉ የሚሰማው ውሃው አይደለም፤ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ነው። ሲነጋ ግቢያችን ውስጥ አሸዋው ተኝቶ ነበር፣ ለስላሳ ሆኖ፣ የተነጠፈ ይመስል። በአካፋ አወጣነው። ያላወጣነውም አለ። እንግዲህ አንድ ቀን እዚያ ሰፈር የሚቆፍር ሰው ያን ሌሊት አንድ ሻካራ መስመር አድርጎ ያየዋል ማለት ነው። ለኢንጂነር አልነገርኩትም። ወደሚቀጥለው ክምር አለፍን።

በነገራችን ላይ በዚሁ በላይኛው ዘመን ውስጥ የእኛው ጎረቤቶች አሉ። ከከተማው ደቡብ፣ ነጭ ድንጋዩ ተራራ ላይ፣ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። ስሙ ፈረንሳይኛ ነው፤ ጃርት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ነው ተመራማሪዎች ያወቁት። ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች እዚያ ተቀምጠው ኦከር የሚባለውን ቀይ ድንጋይ እየፈጩ ቀለም ያወጡ ነበር። ከ4,000 በላይ ቁራጭ ተገኝቷል፤ ሲመዘን 40 ኪሎ ገደማ። አንድ ጊዜ ባጃጅ ይዤ "ፖርክ ኤፒክ" ብለው ልጁ "አዲስ ሆቴል ነው?" አለኝ። አልፈረድኩበትም።

ለእኛ 40,000 ዓመት የትየለሌ ነው። በክምሩ ሒሳብ ግን ገና ከአሸዋው አልወጣንም። የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ሉሲ ራሷ ከኳተርናሪ ጥቂት ወረድ ብላ ነው ያለችው። ሰው የሚባለው ጉድ በሙሉ፣ ከነቅድመ አያቶቹ፣ እኔ ሳላማርር በአንድ ጠዋት የደረደርኩት ነው።

ከአሸዋው በታች ጥቂት ጥቁር ክምሮች መጡ። የመቆፈሪያው ጥርስ፣ ቢቱ፣ ቀስ አለ፤ ኦፕሬተሩ መሳደብ ጀመረ። ባዛልት ነው፤ ቀልጦ ወጥቶ፣ ፈስሶ የረጋ ድንጋይ። የኢትዮጵያ ደጋ አብዛኛው በዚህ የተለበደ ነው፤ ትልቁ ፍሰት የሆነው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከዚያ ምድሩ ተሰነጠቀ። ዓረቢያ ከአፍሪካ መላቀቅ ጀመረች፤ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ተከፈቱ፤ አፋር ሰመጠ። ድሬዳዋ የተቀመጠችው በዚያ ስንጥቅ ጠርዝ ላይ ነው። ወደ ሐረር ስትሄዱ ሚኒባሱ ደንገጎ ላይ የሚያቃስተው ለዚህ ነው፤ ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ2,000 በላይ የሚወጣው የተሰነጠቀውን ግድግዳ ነው። ስንጥቁ ደግሞ ሥራውን አልጨረሰም። ጎርፉ በመጣበት በዚያው በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተከፈለ። የተራራቀው በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ነው። የእኛ ዓመት እንዴት ያለ ዓመት ነበር።

እስከዚህ ያለው ሁሉ ሴኖዞይክ ነው፤ ካለፉት 66 ሚሊዮን ዓመታት ወዲህ ያለው፣ የአጥቢዎች ዘመን። ከዚያ በታች ሜሶዞይክ ይጀምራል። በሁለቱ መሃል ዳይኖሰሮቹ ይሞታሉ። ስለሱ ብዙ አልልም፤ ልጄ ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ነግራኛለች። ሜክሲኮ ላይ ትልቅ የሰማይ ድንጋይ ወደቀ፣ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጉድጓድ ከፈተ፣ ጨለመ፣ አለቁ። ወፎቹ ብቻ ተረፉ። ምስኪኖቹን አላጣጥልም፤ ግን ያለፈው ዘመን በሙሉ የእነሱ ብቻ የሚመስለው ሰው ያናድደኛል። እኛ ጋ ያ መስመር የለም። ባዛልቱ ስር አፈር የሚመስል ቀይ አሸዋ ድንጋይ መጣ፤ ኢንጂነር "ክሪቴሺየስ፣ የወንዝ አሸዋ" ብሎ መዘገበው፤ ክሪቴሺየስ የሜሶዞይክ የመጨረሻው ክፍል ነው። ከአሸዋ ድንጋዩ እስከ ባዛልቱ ድረስ ያለው ብዙ ሚሊዮን ዓመት ተዘሏል። የሰማይ ድንጋዩም ከተዘለለው ውስጥ ነው። "የት ሄደ?" አልኩት። "ታጥቦ ሄደ። ገና ምን አይተህ!" አለኝ። ይሄን ቃል ያዙልኝ።

ከዚያ ነጩ መጣ።

ከሪጉ አፍ እንደ ፉርኖ ዱቄት ነው የሚቦነው። ፊታችን፣ ቅንድባችን፣ ምሳችን ነጭ ሆነ። ክምር በክምር ላይ ነጭ፣ ቀን በቀን ነጭ። ኢንጂነር ከአንዱ ክምር የአተር ፍሬ የምታህል ፍርፋሪ አነሳና መዳፌ ላይ አስቀመጣት። ጠርሙሷን ከፍቶ አንድ ጠብታ ጣል አደረገባት። ሽሽሽ አለች። ድምፁን ሳላስበው አወቅኩት፤ የእናቴ ማንቆርቆሪያ ነው።

"ኖራ ድንጋይ ነው" አለኝ። "ጁራሲክ። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ።" ማጉያውን ሰጠኝ። ጠርዟ ላይ ጠመዝማዛ ነገር አለ፤ ከምስር ፍሬ ሩብ አይሞላም፤ ልክ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት። "የባሕር ነው። እዚህ የቆምክበት ባሕር ነበር። ከኦጋዴን በኩል ገብቶ እስከ መቀሌ፣ እስከ አባይ ሸለቆ ደርሷል።"

አፍሪካ፣ ሕንድ፣ አንታርክቲካ፣ ደቡብ አሜሪካና አውስትራሊያ ጎንድዋና የሚባል አንድ አህጉር ነበሩ። ሲላቀቁ መሬቱ ዝቅ አለ፤ ባሕር ገባ። ጥልቅ አልነበረም፤ ሞቃት፣ ብርሃን የሚገባው ነው። ዛጎል፣ ኮራል፣ ዓይን የማያያቸው ባለ ቅርፊቶች ከውሃው ኖራ እየወሰዱ ቤት ይሠራሉ፤ ሲሞቱ ቤታቸው ይቀራል። ቤት በቤት ላይ፣ በሚሊዮን ዓመታት፣ በመቶ ሜትሮች የሚለካ ነጭ ድንጋይ ሆነ። በጣሊያን ጊዜ ድሬ ላይ ሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለው ለዚህ ነው፤ ሲሚንቶ የሚሠራው ይሄው ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈጭቶ ወደ 1,450 ዲግሪ ሲጋገር ነው። የድሬ ብሎኬት ቤት ሁሉ የዛጎል ቤት ነው ብል አልዋሸሁም።

ውሃውስ? ዝናብ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ አየር ይጠጣል፤ ኮምጠጥ ይላል። ኮምጣጣው ውሃ በነጭ ድንጋዩ ስንጥቅ ሲወርድ ኖራውን አሟሙቶ ይዞ ይሄዳል። ስትጠጡት አይታይም። ስታፈሉት ግን አየሩ ያመልጣል፤ ኖራው መያዣ ያጣል፤ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ማንቆርቆሪያ ስር፣ ቦይለር ውስጥ፣ የእትዬ ቧንቧ ውስጥ። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ተኝቶ የነበረ ዛጎል ሻይ ሊፈላበት ተነስቶ፣ ማንቆርቆሪያው ላይ ተመልሶ ይተኛል። እናቴ ደግሞ በሎሚ ታባርረዋለች።

ያን ቀን ማታ ቤት ገብቼ ማንቆርቆሪያውን በማንኪያ ፋቅኩና በመብራት ሳየው አመሸሁ። እናቴ "ይሄ ልጅ ቁፋሮው ላይ ፀሐይ መታው" አለች።

ከነጩ በታች እንደገና ቀይ አሸዋ ድንጋይ መጣ፤ ባሕሩ ከመግባቱ በፊት ወንዝ ያነጠፈው። ከ180 ሜትር አለፍ ስንል ውሃው ፈነዳ። ኦፕሬተሩ ጨፈረ፤ ጥበቃው በግ ይታረድ አለ፤ በግ አልታረደም፤ ለስላሳ ጠጣን። ቁፋሮው እዚያ ቆመ። ካላንደሩም እዚያ ላይ ቆመ።

"ከዚህ በታችስ?" አልኩት ኢንጂነርን።

"ቅዳሜ ሥራ አለህ?"

ቅዳሜ በፒክአፕ ደንገጎን ጀመርን። ግማሽ ላይ ሳንደርስ ከመንገድ ወጣ አለና ወደ አንድ ሸለቆ በእግር ወረድን። ድንጋዩ ፊት ለፊት ተገልጦ ቆሟል። ከላይ ቀይ አሸዋ ድንጋይ፣ እኛ የቆፈርነው ዓይነት፣ ንጣፍ በንጣፍ። ከታች ግራጫ፣ የሚያብለጨልጭ፣ የተጠማዘዘ፣ እንደ ተቦካ ሊጥ የታሸ ድንጋይ። በመሃላቸው አንዲት መስመር ብቻ አለች። እጄን ይዞ መስመሩ ላይ አስቀመጠው። አውራ ጣቴ ቀዩ ላይ፣ ትንሿ ጣቴ ግራጫው ላይ።

"በጣቶችህ መሃል ከ300 ሚሊዮን ዓመት በላይ አለ" አለኝ። "ማለቴ፣ የለም።"

ፓሊዮዞይክ በሙሉ። ከ539 ሚሊዮን እስከ 252 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያለው ዘመን ሲሆን፣ እኛ ጋ አንድ ጠጠር አልተወም። እጄን አንስቼ መዳፌን አየሁት። አቧራ ብቻ ነው።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ምክንያቱም ከሁሉ የሚገርመው ዘመን እሱ ነው። ሲጀምር እንስሳት ሁሉ ባሕር ውስጥ ናቸው፤ ዓይን፣ እግርና ጠንካራ ቅርፊት ያላቸው በብዛት ብቅ ያሉት ያኔ ነው። የብስ ላይ አንድ ዛፍ የለም። አስቡት፣ ደንገጎ ያለ አንዲት ቁጥቋጦ፣ ነፋስና ድንጋይ ብቻ። ቀጥሎ ዓሣ መጣ። ትንንሽ አረንጓዴ ነገሮች ከውሃ ዳር ወደ የብስ ዳዴ አሉ። ከ375 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ክንፉ ውስጥ የክንድ አጥንት ያለው ዓሣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ክንዱን ተደግፎ ብድግ አለ፤ ካናዳ ውስጥ ተገኝቷል፣ ቲክታሊክ ይሉታል። የእኔ መፍቻ የሚይዝ ክንድ የዚያ ዘመድ ነው። ከዚያ ካርቦኒፈረስ፤ ረግረግ ውስጥ የቆመ ጫካ፣ ክንፉ ሲዘረጋ 70 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ የውሃ ተርብ የሚመስል ነፍሳት። የወደቁት ዛፎች የድንጋይ ከሰል ሆኑ፤ አውሮፓ ባቡር የነዳው በእነሱ ነው። ድሬ የደረሰው ባቡርም የዚያ ዘር ነው።

መጨረሻው አያምርም። ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሳይቤሪያ ላይ እሳተ ገሞራ ለብዙ መቶ ሺህ ዓመታት ፈሰሰ። አየሩ ጋለ፣ ባሕሩ ኮመጠጠ፣ ኦክስጅን አጠረው። የባሕር ዝርያዎች 90 በመቶ ያህሉ ጠፉ። የዳይኖሰሮቹ ሞት ከዚህ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ግን ፊልም አይሠራለትም።

"ታዲያ እኛ ጋ ለምን ጠፋ?" አልኩት። ጂኦሎጂስቱ ግንባሩን ጠረገ። "ይሄ አካባቢ ያኔ ከፍ ያለ ነበር። ከፍ ያለ ቦታ አያጠራቅምም፤ ይታጠባል። ደንገጎ ለደቻቱ አሸዋ እንደሚሰጠው።" ከዚያ "ትግራይ ግን አለ" አለኝ፤ እንትጮና ዕዳጋ ዓርቢ። እዚያ ያለው ድንጋይ የበረዶ ግግር የጎተተው ነው። ጎንድዋና በደቡብ ዋልታ አካባቢ በነበረችበት ጊዜ የእኛ አገር ከበረዶ ስር ነበረች። የድሬ ፀሐይ አናቴን እየበላኝ ነው ይሄን የምሰማው።

ከመስመሩ በታች ያለው ግራጫ ድንጋይ ፕሪካምብሪያን ነው። ምድር 4.54 ቢሊዮን ዓመቷ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ፕሪካምብሪያን ብቻውን 88 በመቶውን ይይዛል። እኔ ያን ሁሉ ሳምንት የደረደርኩት የጭራዋን ጭራ ነበር። የሚገርመው፣ ይሄ ከሁሉ በታች ያለው ድንጋይ ሐረር ላይ ከላይ ነው። ስንጥቁ ደጋውን ሲያነሳው፣ የለበሰው ሲታጠብ፣ መሠረቱ ተገልጦ ቀረ። ባቢሌ ስትሄዱ ዳካታ ሸለቆ ላይ አንዱ በአንዱ ላይ ተቆልሎ "አሁን ወደቀ" የሚያሰኘው ግራናይት ከዚያ ወገን ነው፤ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ለቧንቧ ሠራተኛ ደግሞ ሌላ ትርጉም አለው። ጠጣር ግራናይት ውሃ አይቋጥርም። ሐረር ከሐረማያ ሐይቅ ነበር የምትጠጣው፤ ሐይቁ ደረቀ። ከዚያ ውሃው ከእኛ ቆላ በፓምፕ ሽቅብ ይነዳ ጀመር። ሐይቁ በቅርብ ዓመታት ተመልሷል፤ ሲያልፍ ያየ ሰው ሚኒባስ ውስጥ ያጨበጭባል። አማቴ ግን ሐረር ቁጭ ብለው ማንቆርቆሪያ እየፋቁ "ይሄ የድሬ ነገር እኔ ጋ ምን አመጣው?" ይሉኛል። ልጃቸውን ያገባሁ እኔ፣ ውሃውንም ያመጣሁ እኔ።

በዚያ ረጅም ዘመን ውስጥ ሕይወት አብዛኛውን ጊዜ ዓይን የማያያት ዝልግልግ ነገር ነበረች። ቢያንስ ከ3.5 ቢሊዮን ዓመት ጀምራ አለች። ከእነሱ ውስጥ አንዳንዶቹ ከፀሐይ ብርሃን መብላት ለመዱ፤ ኦክስጅን መትፋት ጀመሩ። ኦክስጅኑ መጀመሪያ ወደ አየር አልወጣም። ባሕሩ ውስጥ የሟሟ ብረት ሞልቶ ነበር፤ ብረቱ ዛገ። ዝገቱ ወደ ታች ወረደ፣ ንጣፍ በንጣፍ። ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ኦክስጅኑ አየር ላይ መጠራቀም ጀመረ። የዛሬው ዓለም ብረት አብዛኛው የሚቆፈረው ከዚያ የዝገት ንጣፍ ነው።

ይሄን ሲነግረኝ ብዙም አልገባኝም ነበር። የገባኝ ቧንቧ ሙያዬ ከሆነ በኋላ፣ የመጀመሪያውን የታፈነ ቧንቧ ስቆርጥ ነው። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ቁራጭ እዩት። ውጪው ብረት ነው፤ ከጥንቱ ባሕር ዝገት ቀልጦ የተሠራ፣ እሱም አሁን ተመልሶ እየዛገ ያለ። ውስጡ የጁራሲክ ዛጎል፣ ቀለበት በቀለበት፤ ነጭ፣ ክሬም፣ እንደገና ነጭ። መሃሉ ላይ ያለችው ቀዳዳ ካለፈው ክረምት ወይም ካለፉት ብዙ ክረምቶች የዘነበ ውሃ ያለፈባት ናት። እትዬ ቤት የተካሁት ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ደግሞ ከነዳጅ የተሠራ ነው፤ ነዳጁ አብዛኛው በዚያው በዳይኖሰሮቹ ዘመን ባሕር ውስጥ ከሞቱ ጥቃቅን ነገሮች የመጣ። ባሕር አውጥቼ ባሕር ነው ያስገባሁት።

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ትናንት ማታ ለፈተና "ፕሪካምብሪያን፣ ፓሊዮዞይክ፣ ሜሶዞይክ፣ ሴኖዞይክ" እያለች ስትሸመድድ ቁራጩን አነሳሁና "ነይ ላሳይሽ" አልኳት። ግማሽ ሰዓት አወራሁ። ዝም ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ "አባ፣ ፓሊዮዞይኩ የት ጋ ነው?" አለችኝ።

ቁራጩን አገላብጬ አየሁት። የለም።

ይሄን እየጻፍኩ ስልኬ ጠራ። እትዬ ናቸው። "አንተ ልጅ፣ ያ ባሕርህ ኩሽና ገብቷል፤ ና አውጣልኝ" አሉ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት እሄዳለሁ ብያቸዋለሁ።